ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ቦይለር፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር? (ድሬዳዋ)

የሳቢያን መምህር
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። በቤታችን ያለው ባለ 50 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር በ2009 ዓ.ም. የተገጠመ ሲሆን፣ እስካለፈው ወር ድረስ ያለ አንዳች እክል አገልግሎናል። በድሬዳዋ ሙቀት ቦይለር ምን ይሠራል የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ ስለማውቅ አስቀድሜ ልመልስ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ስለሚያማት በጥርም ሆነ በግንቦት ሙቅ ውሃ ካልሆነ ገላዋን አትታጠብም። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ቦይለር ያስፈልጋል ወይ የሚል ሳይሆን፣ ይህኛው ይጠገን ወይስ በአዲስ ይተካ የሚል ነው።

ሦስት ነገሮች አስተውያለሁ። ጠዋት ባበራሁት በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንዳንድ ቀን ብሬከሩ ይወርዳል። ቀድሞ በሰዓት ተኩል የሚሞቀው ውሃ አሁን ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ከሥሩ ደግሞ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ባልዲ አስቀምጬበታለሁ።

ሁለት ባለሙያዎችን አስጠርቼ ነበር። የመጀመሪያው ቀና ብሎ እንኳ በቅጡ ሳያየው «ይህ አልቆለታል፣ ይጣል» ካለ በኋላ፣ አዲስ ቦይለር ከራሱ ሱቅ ሊያመጣልኝ እንደሚችል ነገረኝ። ሁለተኛው ረዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው) እና ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ የሚያጠፋው) ቢቀየሩ ይበቃል አለ፤ የጠየቀኝም ዋጋ ከነእጁ የአዲሱን ሲሶ ያህላል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ መንገር አያሻም፤ ታይዋን ገበያ ሄጄ የአዲሱን ዋጋ ስሰማ ወደ ጥገናው አዘነበልኩ። ይሁንና ሲሶውን ከፍዬ በሦስተኛው ወር መልሼ አዲስ እንዳልገዛ እሰጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ካካቢቴ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

መምህር፣ ከዋጋው በፊት ስለ ጠብታው እንነጋገር። ቦይለር ማለት ውሃ የሚይዝ የብረት ጋንና በእሱ ላይ በቡሎን የሚታሰሩ ዕቃዎች ማለት ነው። የሚታሰረው ሁሉ፣ ረዚስታንሱም፣ ቴርሞስታቱም፣ ውሃ እንዳያሾልክ መሐል የሚገባው ጎማ፣ ጓርኒሲዮኑም፣ ሴፍቲ ቫልቩም ይቀየራል። ጋኑ ራሱ ከተበሳ ግን አይቀየርም፤ በያጅ አገኛለሁ ብለው እንዳይደክሙ፣ በብረቱ ላይ ያለው የውስጥ ሽፋን እንደ መስተዋት ያለ ስለሆነ የብየዳው እሳት ያረግፈዋል፣ በረገፈበትም በኩል ዝገቱ ይቀጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ጉዳይ አለ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ውሃ ከ25 ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 0.7 ሊትር ያህል ይጨምራል። የቀዝቃዛ ውሃው መግቢያ ላይ ያለው ሴፍቲ ቫልቭ ወደ ኋላ ስለማያሳልፍ ይህ ትርፍ መውጫው በቫልቩ ትንሽ አፍንጫ በኩል ብቻ ነው። በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ የሚታይ ጠብታ እንግዲህ የቫልቩ ሥራ እንጂ ብልሽት አይደለም። በዚህ ጠብታ ምክንያት ስንት ደህና ቦይለር ተነቅሎ ሲጣል አይቻለሁ!

ዛሬ ማታ ብሬከሩን አውርደው ሥሩን በጨርቅ አድርቁት፣ ደረቅ ሶፍትም በቫልቩ አፍንጫ፣ በፍላንጁ (ረዚስታንሱን ይዞ በጋኑ ላይ በቡሎን በሚታሰረው ብረት) ዙሪያና በፕላስቲክ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ለየብቻ አጣብቁበት። ጠዋት የረጠበው የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ። ቴስተር ያለው ሰው ካገኙም፣ መብራቱ ከቆጣሪው ላይ መጥፋቱን አረጋግጦ፣ ሽቦዎቹን ከረዚስታንሱ ነቅሎ ይለካልዎ። ባለ 1,500 ዋት ረዚስታንስ በ220 ቮልት የሚሠራ ከሆነ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ወደ 32 ኦም ያሳያል። ከአንዱ ጫፍ ወደ ቦይለሩ ብረት ሲለካ ግን ምንም ማሳየት የለበትም፤ ካሳየ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው እየሾለከ ነው ማለት ነው። እስከዚያው ድረስ ብሬከሩን መልሰው አያንሡ፤ እናትዎን በባልዲ ያሞቁላቸው።

የከዚራ ልጅ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

አቦ መምህር፣ እኛ የድሬ ልጆች «እርስዎ» ማለት አይሆንልንምና «አንተ» ብልህ አትቀየመኝ። የእኔ ምክር አጭር ነው። ጣሪያችሁ ላይ ሮቶ ካለ ከቀትር በኋላ በአስር ሰዓት ቧንቧውን ክፈተው፤ በእኛ ቤት እጅ የሚያቃጥል ውሃ ነው የሚወርደው። እናትህ ጠዋት መታጠባቸውን ትተው ወደ ማታ ቢያዞሩት ቦይለሩም ቢጣል የሚጎዳ የለም። ባይሆን ለጥቅምትና ለታኅሣሥ አንድ የውሃ ማፍያ ይበቃል።

የሳቢያን መምህር
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

የከዚራው ወንድሜ፣ አልቀየምም፤ ሮቶው ሰኔ ላይ ያገለግላል። እናቴን ግን ከ50 ዓመት ልማዷ አውጥተህ ማታ እንድትታጠብ ማድረግ ከቻልህ ቦይለሩን በነጻ እሰጥሃለሁ።

ጋሼ ካካቢቴ፣ እንዳሉት አደረግሁ። ሌሊቱን የትኛውም ሶፍት አልረጠበም። ጠዋት የትምህርት ቤታችን የኤሌክትሪክ አስተማሪ መጥቶ ለካው። በሁለቱ ጫፎች መካከል 33 ኦም ሆነ፤ ከጫፉ ወደ ብረቱ ሲለካ ግን ንባብ አለ፣ እሱም እየተለዋወጠ። ከዚያ በኋላ በሥራ ባልደረባዬ ፊት ለሃያ ደቂቃ ብቻ አብርተን ስናይ፣ ውሃው የሚጠባው ከቫልቩ አፍንጫ ነው። ይህን ሁሉ ሳየው የመጀመሪያው ባለሙያ ሊያታልለኝ እንደነበር ገባኝ። እንግዲህ ወደ ጥገናው ልሂድ?

ካካቢቴ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

አብርታችሁ ማየታችሁ አላስደሰተኝም፤ ኤሌክትሪክ የሚሾልክበትን ቦይለር ለሃያ ደቂቃም ቢሆን አይሞከርም። የመሬት ገመዱ የላላ ቢሆን ኖሮ ያ ጠብታ ይነዝራችሁ ነበር። ይህን ካልኩ በኋላ፣ ብሬከሩን የሚያወርደው ረዚስታንሱ መሆኑ ታውቋል። ሽፋኑ ተሰንጥቋል፤ ሲሞቅ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ግማሽ ሰዓት የሚቆየውም ለዚህ ነው።

ሁለት ሰዓት የሚፈጅበትን ግን በቦይለሩ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ሒሳቡ ለእርስዎ ቀላል ነው። 50 ሊትር ውሃን ከ25 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በ1,500 ዋት ሲካፈል አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። አሁን ጠዋት ላይ የቤትዎ ቮልት ስንት ነው? 180 ከሆነ ያው ረዚስታንስ የሚሰጠው ኃይል ወደ 1,000 ዋት ይወርዳል፣ ምክንያቱም ኃይሉ የሚቀንሰው በቮልቱ ካሬ ልክ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። አዲስ ቢገዙም ያው ሁለት ሰዓት ነው። «ቅርፊት ስለያዘው ነው የሚዘገየው» የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ረዚስታንሱ ውሃው ውስጥ ስለተዘፈቀ ሙቀቱ የትም አይሄድም፣ ዞሮ ዞሮ ውሃው ውስጥ ይገባል። ቅርፊቱ የሚያደርገው ረዚስታንሱን ከውስጥ መቀቀልና ቴርሞስታቱን ማሳሳት ነው። በቴርሞስታቱ ቱቦ ዙሪያ ከተከመረ፣ ውሃው ሳይሞቅ ሞቋል ብሎ ያጠፋዋል።

የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ፤ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ስለሆነ ኖራው ብዙ ነው፣ የሻይ ማፍያችንን ሥር ያየ ሰው ማስረጃ አይፈልግም። ውሃው ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ቅርፊቱ እየፈጠነ ይከመራል። ስለዚህ ቴርሞስታቱን እስከ መጨረሻው ያዞረ ሰው ቦይለሩን በገዛ እጁ ያስረጀዋል። ከ60 ብዙ ዝቅ ማድረግም አይመከርም፤ ለብ ያለ የቆመ ውሃ ለባክቴሪያ መራቢያ ይሆናልና፣ በተለይ አረጋውያን ባሉበት ቤት።

ስለዚህ ጠጋኙ ይምጣ፣ ነገር ግን ረዚስታንሱን ነቅሎ አዲሱን ከመክተቱ በፊት እርስዎ ራስዎ በባትሪ መብራት ጋኑን ውስጡን ይዩ። ከረዚስታንሱ አጠገብ እንደ በትር የቆመ የማግኒዥየም ዘንግ አለ፤ አኖድ ይሉታል። ዝገቱ የጋኑን ብረት ትቶ እሱን እንዲበላ የተቀመጠ መሥዋዕት ነው። በየሁለት ዓመቱ፣ በእኛ ውሃ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ መታየትና ሲያልቅ መቀየር ነበረበት። ዘንጉ አሁንም የጣት ያህል ውፍረት ካለው ጋኑ ጤነኛ ነው፣ ጠግኑት። ቀጭን ሽቦ ብቻ ከቀረ ግን ከምን ጊዜ ጀምሮ ሽቦ እንደሆነ የሚያውቅ የለምና፣ የጋኑን ግድግዳና የፍላንጁን መቀመጫ በጥንቃቄ መመርመር ያስፈልጋል። ቅርፊቱን በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ውሃ አለስልሶ በእጅ ማውጣት ነው፤ በካካቢቴ የሚቆፍር ካገኙ፣ ስሜን ይዤ እየተናገርኩ ነው፣ ያስቁሙት። የባትሪ አሲድ ይዞ የሚመጣውንም በር ላይ ይመልሱት።

ሸዋ በር
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከሐረር ነው የምጽፈው። መምህር፣ ጥገናን በጥርጣሬ እንዲያዩት ብዬ የደረሰብኝን ላካፍልዎ። የእኔ የመጀመሪያው ቦይለር ባለ 80 ሊትር ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አስጠገንኩት፦ መጀመሪያ ጓርኒሲዮን፣ ቀጥሎ ረዚስታንስ፣ ከዚያ ደግሞ ጓርኒሲዮን። እያንዳንዱ ጥገና ለብቻው ሲታይ ርካሽ ነበር፤ የተታለልኩትም በዚያ ነው። በአራተኛው ጊዜ፣ አንድ ማለዳ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ከኮርኒሱ የሚወርድ ዝገታም ውሃ ነበር። ኮርኒሱን ለማሳደስ የከፈልኩት ከሦስቱ ጥገናዎች በለጠ። ሦስቱም ጊዜ ይህን ዘንግ ያነሣልኝ ባለሙያ አልነበረም፤ ቃሉን ዛሬ ነው ከጋሼ ካካቢቴ የሰማሁት።

ውሃው ደግሞ ያው ነው። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀብን ወዲህ በሐረር ከምንጠቀምበት ውሃ ከፊሉ ከእናንተው አካባቢ፣ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች ተስቦ ዳገቱን የሚወጣ ስለሆነ፣ ከውሃው ጋር ኖራችሁንም ልካችሁልናል። ልዩነቱ እኛ ከእናንተ ወደ 700 ሜትር ያህል ከፍ ብለን ስለምንኖር ብርዱ ነው፤ በሐረር ሐምሌ ቦይለር የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

አሁን ያለኝ ቦይለር ሁለት ዓመቱ ነው፣ 50 ሊትር፣ 1,500 ዋት፣ ባለ አምስት ቡሎን ፍላንጅ። እሱም ባለፈው ወር ረዚስታንሱ ተቃጠለ። ምክንያቱን ለመስማት ያህል፦ የገጠመልኝ ሰው «ይህ ቫልቭ ያንጠባጥባል» ብሎ ሴፍቲ ቫልቩን ነቅሎ በተራ ማያያዣ ተክቶት ኖሯል። ውሃ በጠፋበት ቀን ቦይለሩ ውስጥ የነበረው ውሃ ወደ መስመሩ ተመልሶ ወረደ፤ እኔም ሳላውቅ ባዶውን አበራሁት። አዲስ ረዚስታንስ እዚህ አጥቼ አራተኛ ሳምንቴን በምጣድ ውሃ አሞቃለሁ።

ካካቢቴ
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ፣ ያ ሰው ያደረገው ነገር ረዚስታንስ ከማቃጠልም የከፋ ነው። ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ሳያጠፋ ቢቀርና ውሃው መስፋፊያ ቢያጣ፣ ጋኑ እስኪፈነዳ ድረስ ግፊቱ ይጨምር ነበር። ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርገውም ቫልቩ ነው። አዲስ ረዚስታንስ ከመግጠምዎ በፊት ቫልቩ ይመለስ። የእርስዎ ጋን ሁለት ዓመቱ ስለሆነ ግን ያለ ምንም ማመንታት ያስጠግኑት።

የአሸዋ ሰው
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ስለ ጥገናውና ስለ አዲሱ ብቻ ስትከራከሩ፣ ውሃው በሚያልፍበት ቅጽበት የሚያሞቀው የሻወር ራስ ለምን አልታሰበም? ጋን የለው፣ ዘንግ የለው፣ ዋጋውም ከቦይለር በእጅጉ ያነሰ ነው። ያም ካልሆነ በድሬዳዋ ፀሐይ የፀሐይ ማሞቂያ ያልተጠቀመ በምን ሊጠቀም ነው? በተለይ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ባለበት ጊዜ።

ካካቢቴ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

የሻወር ራሱ 5,500 ዋት ቢሆን 25 አምፔር ይስባል፤ ለቦይለር የተዘረጋው የመምህሩ ሽቦ ይህን አይሸከምም፣ ከቆጣሪው ጀምሮ ወፍራም ሽቦ መሳብ ሊኖርበት ነው። በ180 ቮልት ደግሞ ለብ ያለ ውሃ ብቻ ይሰጣል። የፀሐዩ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ለአዲስ ቤትና ለትልቅ ቤተሰብ እኔም እመክረዋለሁ። ለአንዲት እናት የጠዋት መታጠቢያ ሲባል ጣሪያ ላይ መስመር መዘርጋት ግን ወጪው አይመጣጠንም።

የሳቢያን መምህር
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ተከፈተ፤ ነገሩም እንደጠበቅሁት አልሆነም።

ሁለተኛው ባለሙያ አዲሱን ረዚስታንስ በእኔ ገንዘብ ገዝቶ መጣ። መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋን፣ የውሃውን መግቢያ ዘጋን፣ የሻወሩን ሙቅ መስመር ከፍተን ጋኑን በቫልቩ በኩል አፈሰስን። ከአምስቱ ቡሎኖች ሦስቱ በሰላም ተፈቱ። አራተኛው ጮኸና ተቆረጠ፤ አምስተኛውም ተከተለው። እነዚህ ቡሎኖች ከጋኑ ጋር የተበየዱ እንጂ ሌላ የሚተኩባቸው አይደሉም። ፍላንጁ ሲወጣ ወደ ሁለት ጣሳ የሚሆን ነጭ ቅርፊት መታጠቢያው ወለል ላይ ተዘረገፈ፤ እናቴ ድምፁን ሰምታ ግድግዳው የተናደ መስሏት ነበር። የማግኒዥየሙ ዘንግ እንኳን የጣት ውፍረት፣ የእርሳስ ያህልም አይሆንም፤ ጫፉ ላይ አንድ እንክብል የተንጠለጠለበት ሽቦ ብቻ ቀርቶ ነበር። ጓርኒሲዮኑ የሚያርፍበት የብረት ከንፈርም በሁለት ቦታ በዝገት ተበልቶ ጥፍሬን የሚያስገባ ጎድጓዳ ሆኗል።

ባለሙያው ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ካየው በኋላ «መምህር፣ ይህን ገጥሜ ገንዘብዎን ብወስድ በወሩ ይረግሙኛል» አለኝ። የሠራበትን የግማሽ ቀን ብቻ አስከፍሎኝ ሄደ። የመጀመሪያው ሰው ይጣል ማለቱ ትክክል ነበር ማለት ነው፣ ምክንያቱ ግን ትክክል አልነበረም፤ ጠብታውን አይቶ እንጂ ጋኑን አይቶ አልፈረደምና። እኔ እንደሆነ አዲሱን ከእሱ ሱቅ አልገዛሁትም።

ማታውን ሌላ ባለ 50 ሊትር ተገጠመ። የቤታችን ቮልት ጠዋት ሲለካ 184 ስለሆነ፣ ጋሼ ካካቢቴ እንዳሉት አዲሱም ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ እናቴ «ታዲያ ምኑን ቀየራችሁት?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። የገዛሁት ረዚስታንስ ግን እጄ ላይ ቀረ፤ ሻጩ አንዴ ከማሸጊያው ወጥቷል ብሎ አልመለሰልኝም።

ካካቢቴ
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ያን ባለሙያ አመስግኑልኝ፣ ስልኩንም አትጣሉ። የተቆረጠ ቡሎን በመከራም ቢሆን መላ አይጠፋለትም ነበር፤ የከንፈሩ መበላት ነው የጨረሰው፣ እዚያ ላይ ምንም ዓይነት ጓርኒሲዮን ውሃ አይይዝም።

ስለ አዲሱ ሦስት ነገር ልጨምር። ውሃ ሲሞላ ክብደቱ ከ60 ኪሎ ይበልጣል፣ የእናንተ ግድግዳ ደግሞ ብሎኬት ነው፤ መንጠቆው ባዶው የብሎኬት ሆድ ላይ ተሰክቶ ከሆነ አሁኑኑ ይታይ። የመሬት ገመዱ እውነት መሬት ድረስ መድረሱን ያስለኩ፣ የኤሌክትሪክ ሽልኮታ ሲኖር በ30 ሚሊ አምፔር ራሱን የሚያጠፋውንም ብሬከር ያስገቡ፤ ዋጋው ከእናትዎ ጋር አይወዳደርም። በቦይለሩ ክዳን ላይ ደግሞ የተገጠመበትን ቀን በማይለቅ ቀለም ይጻፉበትና በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ከፍተው ዘንጉን ይዩ። ቡሎኖቹንም ቅባት ያስቀቧቸው።

ሸዋ በር
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

መምህር፣ ስለ ቦይለሩ አዘንኩ፤ ስለ ረዚስታንሱ ግን ደስ ካለኝ ይቅር ይበሉኝ። ባለ 1,500 ዋት ነው? ፍላንጁስ ባለ አምስት ቡሎን ነው ወይስ ሞላላ? ከሆነልኝ በገዙበት ዋጋ እወስደዋለሁ።

የሳቢያን መምህር
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ፣ ባለ 1,500 ዋት፣ ክብ ፍላንጅ፣ ባለ አምስት ቡሎን ነው፤ በአንዱ ቡሎን ቀዳዳ መሐል እስከ ሌላው ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክቼ ፎቶውን ለብቻዎ ልኬልዎታለሁ፣ ከእርስዎው ጋር ያመሳክሩት። አብሮት አዲስ የማግኒዥየም ዘንግና ጓርኒሲዮን አለ። ልክ ከሆነ የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር ስለሚወጣ ይዞልዎ ይመጣል። ሴፍቲ ቫልቩን ግን እዚያው ይግዙ፤ የእኔ አሮጌው ዘጠኝ ዓመት ሲያንጠባጥብ የኖረ ስለሆነ ለሰው አልሰጥም።

ሸዋ በር
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ደርሶኛል፣ ልክ ገብቷል። ቫልቩም አዲስ ተገዝቶ ተመልሷል፤ አሁን ሲሞቅ ጠብ ጠብ ይላል፣ እኔም ባልዲ አስቀምጬለታለሁ።